ጢም ሳይበቅል

"ትናንት ላጭቼዎት፣ ዛሬ ምን በቀለ ብለው ነው ጋሼ?" አለ ጸጉር አስተካካዩ።

"ያለችውን አንሳልኝ፣" አለ መምህሩ፤ ወንበሩን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። የምርጫው ውጤት ከተነገረ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ቤት ሲገባ ሬዲዮው፣ ትምህርት ቤት ሲውል ሹክሹክታው እያስጨነቀው፣ የነከሰው ጥርሱ የሚላላለት እዚህ ወንበር ላይ ብቻ ነበር። እዚህ ቤት ማን አሸነፈ የሚል አልነበረም፤ የጸጉር አስተካካዩም እጅ ቅቤ ነበር።

ምላጩ አረፋውን እየጠረገ ከጆሮው ሥር ወረደና ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ቆመ። መምህሩ ጠበቀ። ከዚያ ስለቱ ቆዳው ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው።

"ይቅርታ ጋሼ፣" አለ ጸጉር አስተካካዩ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "እኔም እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አምስት ቀኔ ነው።"

መምህሩ ዓይኑን አልገለጠም፤ ጥርሱ ግን መልሶ ገጠመ።