ፓምፑ ውስጥ ምን አለ?

አሮጌ ብረት ገዢው ጋሪውን ውሃው ዳር አቁሞ ሲጠብቅ፣ ጀልባው ላይ ያለው አሮጌ ሞተር እንደ ልማዱ ትንሽ አጉረምርሞ ጠፋ። “በቃ፣ ይውሰደው” አለ ባልየው ፊቱን አዙሮ። ውሃ ስለምትፈራ “ሽጠው፣ ሽጠው” ስትል የከረመችው ሚስቱ ነበረች። አሁን ግን እጇ አላርፍ አላት። ነዳጅ ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ መጭመቂያ ጨመቅ ጨመቅ እያደረገች “እስቲ የማስነሻ ገመዱን ሳበው” አለችው። ሞተሩ ተነሳ። መጭመቋን ስትተው ጠፋ፤ ስትጨምቅ ደግሞ ነፍስ ዘራ።

“ቆይ፣ ነዳጁን እኔ የምገፋለት ከሆነ፣ የገዛ ራሱ ገፊ የት ሄዶ ነው?”

“ፓምፑን ነው የምትዪው?”

“ክፈተው፣ ልየው።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ!”

ካቻቢቴውን ራሷ አነሳች። ብሎኖቹን ፈትታ የፓምፑን ክዳን ስታነሳው መዳፍ የማትሞላ ስስ ጎማ ወጣች። ወደ ሰማይ ቀና ስታደርጋት፣ የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገባች። “ነዳጁን የምትገፋው ይቺ ናት እንዴ!” ብላ እንደ ልጅ ሳቀች።

ባልየው ድሮ ከሌላ መለዋወጫ ጋር መጥታለት፣ ምን እንደሆነች ሳያውቅ ያስቀመጣትን አዲስ ጎማ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር በርብሮ አወጣ። ገጠሟት። ሞተሩ ማንም ሳይጨምቅለት ያለማቋረጥ ያጓራ ጀመር። ብረት ገዢው ሳቅ ብሎ ጋሪውን አዞረ።

“እና፣ ይሸጥ?” አለ ባልየው ፈራ ተባ እያለ።

ሚስቱ ግን ቀሚሷን ሰብስባ፣ ትከሻውን ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ አንድ እግሯን ጀልባው ውስጥ አስገብታ ነበር። “ዝም ብለህ ደግፈኝ” አለችው፤ “ማዶ ድረስ ይዘልቅ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።”