ከነድምፁ

ከዋሸሁ የቀሩኝ ጥርሶች ይርገፉ፤ ይህ በአብሮ አደጌ ላይ የደረሰ እውነት ነው። አውሮፓ ውስጥ፣ አየር ማረፊያ ማማ ላይ ሆኖ አውሮፕላን በሬዲዮ የሚያሳርፍ ሰው ነበር። ጉም ሲሆን ለፈረንጁ አብራሪ ሁሉ በአማርኛ «አይዞህ» ስለሚል ሰማዩ በሙሉ ያውቀዋል።

መንግሥት ማማውን ለኩባንያ ሸጠ። ኩባንያው ግማሹን ሠራተኛ ሊያባርር ሲል ሁሉም አድማ መትተው በሩ ላይ ቆሙ። «እኛ ካልተናገርን ዝንብም አታርፍ» እያለ ወዳጄ ያፌዝ ነበር። እውነትም ሦስት ቀን ምንም አላረፈም።

በአራተኛው ቀን በጉሙ መሀል አንድ አውሮፕላን ቁልቁል መጣ። ተከትሎት ሌላ።

«ማን ነው የካደን?» ብለው አድመኞቹ ሬዲዮ ከፈቱ።

«ቀጥ ብለህ ውረድ፣ ሜዳው ክፍት ነው፤ አይዞህ» ይላል የወዳጄ ድምፅ። ሁሉም ዞረው አፉን አዩት። አፉ ዝግ ነው።

የኩባንያው ኃላፊ ወጣ። «የሃያ ዓመት ንግግርህ ተቀድቶ ነበር፤ ማሽኑ እሱን አጥንቶ ነው የሚናገረው» አለው። «ማማውን የገዛነው ከነድምፅህ ነው። አይዞህ።»

እሺ፣ አንድ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። የመጨረሻዋን «አይዞህ» ኃላፊው አላላትም።