እስኪሞቅ

«አጥፊው! እታለም፣ አጥፊው!»

ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነው፤ ግን አልተጫነችውም። ሞተሩ ገና መነሳቱ ነው። ከብረት ማቆሚያ ጋር ታስሮ ይንቀጠቀጣል፤ ከሆዱም ውስጥ አንድ የተቆለፈበት ሰው በመዶሻ በር የሚደበድብ ይመስል ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል።

የሚጮኸው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ነጂ ነው፤ እሑድ ይህን ሞተር መኪናው ላይ ጭኖ ለቀጥታው መንገድ ውድድር ሊሰለፍ ነው። ባሏ ከመሞቱ በፊት የሠራው የመጨረሻው ሞተር ስለሆነ «ማስነሻውን አንቺ ተጫኚ» ብሎ የጠራትም እሱው ነው።

«ይሄ እኮ ሞተር አይደለም፣ ነፋስ የገባበት ቆርቆሮ ቤት ነው! ከሺህ ፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጣል የተባለው ይሄ ነው? እዚህ ላይ ተቀምጬ ልሙት?»

ፒንሳ ወደ ሞተሩ ይጎነበሳል። ፒንሳ የሚሉት እግሩ እንደ ጉጠት ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነው፤ ከባሏ ጋር ዕድሜውን ሙሉ የሠራ በያጅ። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን፣ ድስት የሚያክለውን ቱርቦና ቧንቧዎቹን የገጠመው እሱ ነው። የሞተሩን ውስጥ ግን ባሏ ለማንም አላስነካም ነበር። አሁን ፒንሳ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ ላይ አሳርፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ እንደ ሐኪም ያዳምጣል።

«ምን ይላል?» ትጠይቀዋለች።

«ፒስተኖቹ ሁሉም ያንኳኳሉ፣ እትዬ። አንዱ ቢሆን ‹ያ ተበላሽቷል› እልዎት ነበር። እኩል ነው የሚያንኳኩት። ግራ ገባኝ።»

እሷንም ግራ ገብቷታል። ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸውን ሲሊንደሮች ስፋት ባሏ ሲለካ መብራት የያዘችለት እሷ ነበረች፤ ቤት ውስጥ፣ ምግብ የሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ። ያኔ ታሞ ነበር። ፒስተኑን ከትቶ በጣቱ ሲነካው ወዲያ ወዲህ አለ። «ኧረ ሰፋ፣ አልበዛም?» አለችው። «ይተንፍስ» አላት። በማግስቱ ጠዋት በእህቱ ስም ጠራት፤ የተጫማውን ጫማም አምጪልኝ ብሎ ተቆጣት።

በዚያው በለካበት ቀን፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ መለኪያውን አስቀምጦ፣ ስለ ሁለታቸው ሌላም ነገር ነግሯት ነበር። ለማንም አላወራችውም። ትኩሳቱ ነው ያናገረው ብላ አስቀምጣዋለች።

የባሏ ወንድም ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «እታለም፣ ስሙን ማጥፋቴ አይደለም። ወንድሜ ነው። ግን በመጨረሻ እሱ እሱ አልነበረም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ከፍተን እንደገና እንሠራዋለን።»

ታውቃለች። ወይም የምታውቅ ይመስላት ነበር።

«ፒንሳ፣ ባላጠፋውስ?»

«ያለ ልክ ሰፍቶ ከሆነ ሆዱን ይዘረግፋል። ካልሆነ…» ትከሻውን ይሰብቃል። «እኔ እንጃ፣ እትዬ። ጣቱ የእርስዎ ነው።»

«ፒንሳ፣ አንተ ደግሞ አብደሃል?» ይጮኻል የባሏ ወንድም።

«አላበድኩም፣ አላውቅም ነው ያልኩት!»

ሁለቱ ሲጨቃጨቁ የሙቀት መለኪያውን ታያለች። ቀስቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ለምን እንደምትጠብቅ አታውቅም። ማጥፋት ቀላል ነበር፤ ጣቷ ግን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አይታዘዛትም።

ከዚያ ድምፁ ይለወጣል። መዶሻ የነበረው የጣት ኳኳታ ይሆናል። የጣቱም ይርቃል። ፒንሳ በእጁ «ዝም በሉ» ይልና ካቻቢቴውን ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው ያዘዋውራል። ኳኳታው አንድ ሁለቴ ተቆራርጦ ይጠፋል። የሚቀረው ወፍራም፣ አንድ ወጥ ጉምጉምታ ነው።

«ለሙቀቱ ነው ያሰፋው!» ፒንሳ ካቻቢቴውን ይጥለዋል። «ይሄ ቱርቦ እሳት ሲነፋበት ፒስተኑ ያብጣል። ጠበብ አድርጎት ቢሆን እሑድ መሀል መንገድ ላይ ነክሶ ይይዝ ነበር። ቦታ ትቶለት ነው። አስቦበታል፣ እትዬ! አንዷን ሳያዛንፍ!»

የባሏ ወንድም ፒንሳን ጀርባውን ይመታዋል፤ ይስቃል፤ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል። «ይሄ ሰውዬ! ሞቶም ያስደነግጠናል!»

እሷ አትስቅም። አንዷን ሳያዛንፍ። ያኔ አእምሮው ደህና ነበር ማለት ነው። እንግዲያው መለኪያውን አስቀምጦ የነገራትም ከልቡ ነበር። ትኩሳት ያናገረው እንዲሆን ነበር ወይስ እንዳይሆን የምትመኘው? እስከ ዛሬ የምታውቅ ይመስላት ነበር።

«በቃ፣ እታለም፣ አሁን አጥፊው» ይላታል፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ትጫነዋለች። ጸጥታው ድንገት ይወርዳል። በጸጥታው ውስጥ ብረቱ መቀዝቀዝ ጀምሮ ጭ፣ ጭ ይላል።

«እንዳይነኩት፣ ያቃጥላል» ይላል ፒንሳ።

እጇን ዘርግታ ከሞተሩ በላይ ትይዘዋለች፤ ሳታሳርፈው፣ ሳትመልሰውም።