ከወንዙ ወዲህ የሚሠራ ሕግ

ጎርደን ፕሩይት የአዳኞች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ሮስኮ ላንሃም ሥጋ ቤት አለው፤ የማኅበሩ ምክትል ነው። ቨርነን ተትል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ኤሚል ሳዶቭስኪ ሹመት የለውም፤ ተከሳሹ እሱ ነው። አምስተኛዋ ኮሪን ሃስ የወረዳው የአደን ተቆጣጣሪ ናት፤ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ጎጆ የመጣችው ጎርደን ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ስለጋበዛት ነው።

ለአራት አባላት አርባ አንድ አንቀጽ ያለው ደንብ ያረቀቀውም ጎርደን ነበር።

ከወንዙ ማዶ ያለው ግዛት ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ እንደ ጠመንጃ ቃታው ተስቦ በሚተኮሰው ባለቃታ ቀስት አጋዘን እንዲያድን ይፈቅዳል። ከወንዙ ወዲህ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ቅጠል በሚረግፍበት የቀስት ወራት ጤነኛ ሰው የሚያድነው በገዛ ክንዱ በሚለጥጠው ቀስት ብቻ ነው፤ ባለቃታው የተፈቀደው ክንዱን ከትከሻው በላይ ማንሳት እንደማይችል ሐኪም በጽሑፍ ላረጋገጠለት ሰው ነው። ጎርደን ይህን ሕግ እንደ ጸሎት በቃሉ ይወጣው ነበር። የማዶዎቹን አዳኞች «ሕግ የማያውቁ መንጋ» ይላቸዋል።

የአባላቱ የሐኪም ወረቀቶች በመስታወት ተደርገው ከምድጃው በላይ ተሰቅለዋል። ሦስቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሐኪም፣ በአንድ ቀለም የተፈረሙ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ብቻ የሆኑ ንጹሕ ወረቀቶች ናቸው። የኤሚል ብቻ ከሌላ ከተማ ሆስፒታል የመጣ፣ ስድስት ገጽ ያለው፣ በማይነበብ ጽሕፈት የታጨቀ ነው። ጎርደን ከሁሉ አስቀድሞ የጠረጠረው በዚህ ነበር፤ እውነት ስድስት ገጽ ምን ያደርግለታል?

ጎርደን የተቆጣጣሪዋን ካፖርት ተቀብሎ ከበሩ በላይ ባለው የአጋዘን ቀንድ ላይ ሰቀለላት። ሮስኮ ከላይኛው መደርደሪያ ሳህኖች አውርዶ የአጋዘን ቋሊማ አቀረበ። ኤሚል ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ፤ ጎርደን ይህንንም እንደ ድፍረት ቆጠረበት።

«እስቲ ኤሚል፣» አለ፣ «ባለፈው ማክሰኞ የጣልከው አጋዘን ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«ሰማንያ ግድም።»

«ከሰው ቁመት በላይ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቨርነን በዓይኑ አይቶታል። ማን ሰቀለው?»

«እኔ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን። ገመዱን በቅርንጫፉ ላይ አሳልፌ ጫፉን ከመኪናዬ ጋር አሰርኩት፤ ከዚያ መኪናዋን ቀስ ብዬ ወደ ፊት ነዳኋት።»

ሮስኮን ቋሊማው ትን ሊለው ደረሰ። «በል እንግዲያ መኪናዋም የሐኪም ወረቀት ታውጣ! አባል እናደርጋታለን።»

«ገመዱንስ ማን ወረወረው? መኪናዋ ናት?» አለ ቨርነን።

«በግራ እጄ ወረወርኩት። አምስት ጊዜ ሳትኩት፣ በስድስተኛው ገባልኝ።»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ወንድሜ፣» አለ ጎርደን። «ሌላው ሰው አካሉን እየታመመ ያገኘውን መብት አንተ በብልጠት ትበላዋለህ። አታፍርም?»

ኤሚል ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። የእንጨት መሰንጠቂያውን ሥራ ከተወ ጀምሮ የክረምት ሥጋው የሚገኘው ከዚህ ጫካ ነው፤ ጫካው ደግሞ የማኅበሩ ነው። ስሙ ከተሰረዘ እግሩ ዳግመኛ አይረግጠውም።

«ጎርደን፣ እዚህ አርባ ዓመት አድኛለሁ። ከዚህ ብታስወጡኝ የት እሄዳለሁ?»

«ማዶ ሂዳ! እዚያ የሚጠይቅህ የለም።»

ተቆጣጣሪዋ ከምድጃው በላይ ያሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ስታነብ ቆይታ ዞረች። «ጥርጣሬ ካላችሁ የሕክምና ምርመራ ማዘዝ እችላለሁ። ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል።»

«አይልፉ፣ ወይዘሪት፣» አለ ጎርደን። «ይህ ማኅበር ጉዱን የሚያጠራው በራሱ እጅ ነው። እርስዎ ምስክር ብቻ ይሁኑልን።»

ተነሥቶ ሌሊቱን ሲያርመው ያደረውን የውሳኔ ሐሳብ አነበበ። የኤሚል ስም በውስጡ አልነበረም፤ ጎርደን በአንድ ሰው ስም የሚጻፍ ሕግ ይጸየፋል። «ክንዱ ከትከሻው በላይ እየወጣ የሐኪም ወረቀት የያዘ ማንኛውም አባል፣ ከዛሬ ጀምሮ ከማኅበሩ ይሰረዝ፤ ወረቀቱንም እዚህ ላሉት ተቆጣጣሪ ያስረክብ፤ ይግባኝም አይኑረው።»

«ይግባኝም አይኑረው?» ብላ ጠየቀች ተቆጣጣሪዋ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«ለአጭበርባሪ ምን ይግባኝ አለው? በል ኤሚል፣ ተቃውሞ ካለህ አሁን ተናገር።»

ኤሚል ወረቀቱን ተቀብሎ በዝግታ አነበበው። «ተቃውሞ የለኝም። ትክክለኛ ደንብ ነው።»

«ይኸው!» አለ ሮስኮ ጠረጴዛውን እየመታ። «በገዛ አፉ አመነ!»

ጎርደን በትዝብት ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው ለመካድ እንኳ ወኔ የለውም። ድምፅ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ወደ ቨርነንም ፊቱን አዙሮ፣ «እንደ አምናው ‹ጆሮዬን እያከክሁ ነበር› የሚል ክህደት አልሰማም! በደንብ የሚታይ ድምፅ ይሁን፣» አለ።

ሦስት ቀኝ እጆች የጎጆውን ጣሪያ ሊነኩ እስኪደርሱ ቀጥ ብለው ወጡ፤ ኤሚል እጁን ከጭኑ ሳያነሣ «እኔም እደግፋለሁ» አለ፤ ኮሪን ሃስም «እባካችሁ እንዳታወርዱ» ብላ ብዕሯን አወጣች፤ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።