አፍ የሚያስከፍት ሳክስፎን

በእኛ በትሬሜ ሰፈር መሣሪያ የማይነፋ ወንድ ሚስት ቢለምን የሚሰማው የለም። ጥሩምባ ነፊው ቴዎፊልማ «የማይነፋ ሰው ደጄን አይርገጥ!» ብለው ምለዋል። ስለዚህ አልሲድ የሳክስፎን ሳጥን አንጠልጥሎ ሲመጣ ልጃቸውን ኦዴልን ሳያንገራግሩ ዳሩለት።

አልሲድ ሁለገብ ነበር። ሰኞ ብሉዝ፣ ማክሰኞ መዝሙር፣ ረቡዕ ማምቦ። ሁሉንም የሚጫወተው ግን ከወንዙ ማዶ ነው። ቤት ውስጥ አይነፋም፤ «ሚስቱ ፊት የነፋ ገድ አይቀናውም» ይላል። ሙዚቀኛ በገድ አይቀልድምና ማንም አልሞገተውም።

«ዛሬስ እንዴት ነበር?» ትለዋለች ኦዴል።

«አፋቸውን ከፍተው ዋሉ! አንዷማ አልቅሳ አልቅሳ፣ ስትወጣ አቀፈችኝ።»

ቴዎፊልን ግን ነገሩ አልጣማቸውም። ሲያወሩት ዓይን ዓይናቸውን አያይም፤ አፍ አፋቸውን ነው የሚያየው። ፕራሊን ከረሜላቸውን ባነሱ ቁጥር «አባባ፣ ይሄ ነገር ይጨርስዎታል» ይላል። በግራ በኩል ማኘክ ካቃታቸው ወዲህማ «መርዞኛል» ባይ ሆኑ። ደግሞ ሁልጊዜ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል።

«ሽቶ የሚያበዛ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው» አሉ ለልጃቸው።

አንድ ሐሙስ ኦዴል የባሏን ሸሚዝ ልታጥብ ስታነሳ እጅጌው ላይ ደም አየች።

«አባባ፣ ደም ነው!»

«አላልኩሽም? ሳክስፎን እየነፋ ለራት የሚደርስ ሰው የት አገር ታይቷል? ነፍሰ ገዳይ ነው! ነገ እጅ ከፍንጅ እንይዘዋለን። ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ ከእሱ ጋር አታድሪም።»

«እወደዋለሁ እኮ!» አለች እንባዋ እየወረደ።

«የገደለውም ሰው የሚወደው ሰው ነበረው!»

በማግስቱ ተከተሉት። ጀልባው ላይ ቴዎፊል ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ድረስ ደፍተው፣ ጥሩምባቸውን እንደ ዱላ ጨብጠው ተቀመጡ። ኦዴል ሻንጣዋን ታቅፋለች። አልሲድ በተራመደ ቁጥር ሳጥኑ ቅጭል ቅጭል ይላል።

ማዶ ሲደርሱ አልሲድ አንድ ባለ ፎቅ ቤት በጓሮ በር ገባ።

«በፊት ለፊት ብንገባስ?» አለች ኦዴል።

«ምን ነካሽ? ሙዚቀኛ መቼ በፊት ለፊት ገብቶ ያውቃል!»

በጓሮው ደረጃ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ጉንጫቸውን ይዘው ያቃስታሉ።

«አይዟችሁ፣ ደርሰንላችኋል!» አሉ ቴዎፊል በሹክሹክታ።

ከውስጥ «ኧረ በእመቤቴ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ኦዴል ዓይኗን ጨፈነች። ቴዎፊል በሩን በርግጫ በረገዱት።

ነጭ ጋዋን የለበሰው አልሲድ፣ በጉጠቱ ገና አሁን የነቀለውን የመንጋጋ ጥርስ እንደያዘ ዞር ብሎ «መጡልኝ አባባ? ያቺ የግራዋ ናት አይደል፣ አፍዎን ይክፈቱ!» አላቸው፤ የቴዎፊል አፍ ግን ቀድሞ ተከፍቶ ነበር።