የመኩሪያ መንጋጋ

የጥርስ ሐኪም ቤት ቆሻሻ የሚለይበት ሕግ ሲጠናከር፣ ሜርኩሪ ባለበት ቅይጥ የተሞላ ጥርስ ሁሉ አደገኛ ቆሻሻ ተባለ። የአዳማው መኩሪያ ከወጣትነቱ ጀምሮ አንድ እንዲህ ያለ የመንጋጋ ጥርስ ነበረው። ሊያስነቅል ቢሄድ ወረፋው የሦስት ወር ሆነበት።

«እስከዚያስ?» አላት ነርሷን።

«ጥርሱ እስኪወጣ ድረስ፣ ጋሼ፣ መያዣው እርስዎ ነዎት» አለችና ደረቱ ላይ የአደገኛ ቆሻሻ ግራጫ ምልክት ለጠፈችለት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩ «ሜርኩሪ» ይለው ጀመር። ሚስቱ አስካለች ብርጭቆውን ለየች፤ ጉንጩን መሳሙን ትታ ትከሻውን ብቻ መታ መታ ማድረግ ያዘች።

ተራው ደርሶ ጥርሱ ተነቀለ፤ ግራጫ ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ ምልክቱም ተነሳለት። መኩሪያ ጉንጩ እንዳበጠ ቤቱ ገብቶ «ይኸው ነጻ ወጣሁ፤ አሁንስ ሳሚኝ» አላት።

አስካለች መጋረጃውን ዘጋችና አፏን ከፈተች። ከወደ ኋላ ሁለት እንደሱ ያሉ የተሞሉ ጥርሶች ነበሯት።

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ብርጭቆዬን የለየሽው?»

«እኔም እንዳልጠረጠር ብዬ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

መኩሪያ ሊቆጣ ፈለገ። ነገር ግን እንዲህ ከቀረበችው ሦስት ወሯ ነበር፤ ቁጣውን ለነገ አሳደረና ባላበጠው ጉንጩ ተጠግቶ ሳማት።