ዘጠኝ ቀን ያልተነካ ዶማ

«ሦስት ሰው ሲሠራ ፎቶ ካላነሳሁ አይሆንም» አለች ከእርዳታ ድርጅቱ የመጣችው ልጅ።

ማድሎድሎ በለቅሶ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ በተከፈተው መስኮት ሰማቻት። የሰፈሩ የጋራ አትክልት ቦታ ከመንገዱ ማዶ ነው። ጎመኑ ቅጠሉን ጥሏል። ሰው ሞቶ ሳይቀበር መሬት አይቆፈርምና ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዶማ የነካ የለም። ድሮ ይህ ቢበዛ የሁለት ቀን ነገር ነበር። የእሷ ልጅ ዜንዜሌ ግን የሞተችው ጆሃንስበርግ ነው፤ አስከሬኗ አንድ ወረቀት ጎድሎት እዚህ ቡላዋዮ ሳይደርስ ድንበር ላይ ቆሟል።

«ሰንፈን አይደለም፣ ልጄ። ሐዘን ላይ ነን» አለች የአትክልት ማኅበሩ ሊቀመንበር ማምጉኒ።

«ገብቶኛል፣ እማማ። እኔም እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ቅጹ ግን አባላቱ በጉብኝቱ ዕለት እየሠሩ ነው ወይ ነው የሚለው። አይደሉም ብዬ ከጻፍኩ የውሃ ጉድጓዱ ገንዘብ ለሌላ ሰፈር ይሄዳል።»

«ቅጹን የጻፈው ሰውዬ ዘመድ የለውም እንዴ? ከድንጋይ ነው የተወለደው?» አሉ ከአባላቱ አንዱ አባባ ቹማ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ወዲያው የለቅሶ ቤቱ መስኮት ትዝ አላቸውና ዝም አሉ።

ቧንቧው በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። አርባ ቤት የሚበላው ከዚህ መሬት ነው፤ የገበያው ጎመን አይቀመስም። ማድሎድሎ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የሚሰማት ነገር ግን የለም። ስትነሳ እግሯ እንኳ የሌላ ሰው እግር መሰላት።

«ወዴት ነው?» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች። እሷ ግን መንገዱን ተሻግራ ከዕቃ ቤቱ ዶማ አወጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?» አለች ማምጉኒ። «እኛ ለማን ብለን ነው የተውነው?»

«ለእኔ ብላችሁ ነዋ። ሐዘኑ የእኔ ነው፤ እኔ ፈቅጃለሁ። አንሺ ዶማሽን።»

ማድሎድሎ መቆፈር ጀመረች። አባባ ቹማ ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ አስቀመጡና አንድ ዶማ አነሱ። ማምጉኒ ፊቷን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ ሦስተኛ ሆነች።

ልጅቷ ፎቶዋን አነሳች። «ጨርሻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሙላት ያዘች። ሁለቱ ዶማቸውን አስቀመጡ።

ማድሎድሎ አላቆመችም። ለጎመን አንድ ስንዝር ይበቃል። ስንዝሩን አለፈች። አፈሩን በአንድ በኩል እየከመረች፣ ጠርዙን ቀጥ እያደረገች፣ በርዝመቱ ቆፈረች። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፤ እስክሪብቶው እጇ ላይ ቀረ።

ማምጉኒ መጥታ የዶማውን እጀታ ያዘች።

«ይበቃል፣ እህቴ። በቃ።»

ማድሎድሎ የቆፈረችውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተች።

«አይበቃም» አለች። «ዜንዜሌ እኮ ከእኔ ትረዝማለች።»